ወተት ያከሳል ወይስ ያወፍራል? ከደብረ ማርቆስ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ዕድሜዬ 36፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ አሁን ክብደቴ 82 ኪሎ ነው። ቲክቶክ ላይ አንዲት ልጅ እራት ትታ ማታ ማታ ወተት በማር እየጠጣች በወር 7 ኪሎ እንደቀነሰች ስታወራ አይቼ እኔም ጀመርኩ። የተዳቀለች ላም ስላለችን ወተቱ አይቸግረኝም። ሁለት ትልልቅ ኩባያ አፍልቼ፣ በየኩባያው አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ጨምሬ እጠጣለሁ። ወሩ ሲሞላ ብመዘን ጭራሽ 2 ኪሎ ጨምሬ አገኘሁት። እናቴ ደግሞ ‹ወተት እኮ ማወፈሪያ ነው፣ ማን ከስቶበት ያውቃል?› ትለኛለች። የቱን ልመን? ላቁም ወይስ ልቀጥል? ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትንሹ 3 ዓመቱ ነው።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ ላመስግንሽ። ቁመትሽን፣ ክብደትሽን፣ የኩባያውን ብዛት፣ የማሩን ልክ ሳትደብቂ ጽፈሻል። ብዙ ሰው «ትንሽ ወተት ነው የምጠጣው» ብሎ ያልፈዋል። «ትንሽ» ደግሞ ተመዝኖ አያውቅም።

መልሱን ላስቀድም። ወተት አያከሳም። ወተት ለብቻው አያወፍርምም። ዋናው ነገር ወተቱ የምንን ቦታ ያዘ የሚለው ነው። በለስላሳና በስኳር ሻይ ቦታ ከገባ ይጠቅምሻል። በምሳና በእራት ላይ ከተደረበ ኪሎ ይጨምርብሻል። አንቺ ቤት የሆነው ደግሞ ሌላ ነው፤ እራቱን ያስወጣሽው ከእራቱ በሚበልጥ ወተት ነው። ስለዚህ እናትሽም ያቺ ልጅም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል ማለት ይቻላል፣ ግን ሁለቱም አንቺ ስትጠጪ የነበረውን አልለኩም።

እስቲ እንለካው።

ባሕር ዳር ስሠራ አንድ ጊዜ ከመራዊ የመጣች እናት «በቀን አንድ ኩባያ ወተት ብቻ ነው» አለችኝ። ኩባያውን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሽልኝ ነይ አልኳት። ይዛ መጣች። አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ነው፣ እጀታው ሥር በስለት የተጫረ ምልክት አለው፤ ከሌሎቹ ኩባያዎች የምትለየው በሱ ነበር። በመለኪያ ጆግ ውሃ ቀዳሁና ገለበጥኩበት። 200 ሚሊ ሊትር፣ ገና ከግማሽ አላለፈም። ሌላ 200 ጨመርኩ። አሁንም ቦታ አለው። 50 ስጨምርበት ከአፉ ደረሰ። እሷ ኩባያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ «እንዲያውም እኔ እስከ አፉ ነው የምሞላው» አለች። መጽሐፍ ላይ «አንድ ኩባያ ወተት» ሲባል 240 ወይም 250 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የሷ አንድ ወደ ሁለት የሚጠጋ ነበር።

ያንቺን «ትልቅ ኩባያ» 400 ሚሊ ሊትር ልበለው። ሁለቱ 800 ይሆናሉ። ስቡ ያልወጣለት የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 65 ካሎሪ አካባቢ አለው። ይሄ እንግዲህ 520 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ካሎሪ ይሰጣል፣ ሁለቱ 120። በድምሩ 640። የጎጃም ማር ምን ያህል እንደሚወደድ አውቃለሁ፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ሰውነት ማርን እንደ ስኳር ነው የሚቆጥረው፤ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አያወፍርም» የሚባለው ልክ አይደለም።

አሁን የተውሽውን እራት እንየው። ግማሽ እንጀራ በሽሮ፣ ዘይቱ መጠነኛ ከሆነ፣ 400 ካሎሪ ገደማ ነው። 400 ትተሽ 640 ጠጣሽ ማለት ነው። በየማታው የ240 ብልጫ አለ። በ30 ቀን 7200 ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ ካንቺ 2 ኪሎ ውስጥ አንዱ ከዚሁ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሌላው? ምናልባት ውሃ ነው፣ ምናልባት የተመዘንሽበት ሰዓት ነው፣ ምናልባትም ማታ 4 ሰዓት ላይ ሆድሽ ሲጮህ የቆረስሻት ዳቦ ናት። ይሄን አልጻፍሽም፣ ግን ብዙ ሰው ላይ ስላየሁት ነው የማነሳው። ፈሳሽ ነገር ከሚታኘክ ምግብ ይልቅ ቶሎ ይወርዳል፣ ጥጋቡም ብዙ ጊዜ አይቆይም።

ያቺ ልጅ ደግሞ 7 ኪሎ ቀነስኩ ብላለች። ሂሳቡን ሥሪው። 7 ኪሎ ስብ ለማቅለጥ 54 ሺህ ካሎሪ አካባቢ መጉደል አለበት። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 1800። ባንቺ ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት፣ ከባድ የጉልበት ሥራ የማትሠራ ሴት የቀን ፍላጎቷ በሙሉ 2000 ካሎሪ ገደማ ነው። ስለዚህ እራት ብቻ በመተው 1800 ማጉደል አይቻልም። ልጅቷ ዋሽታለች አልልም። ሚዛኑ ያን ያህል ወርዶ ሊሆን ይችላል። ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወርደው ብዙው ውሃ ነው፣ ሰው ራሱን ካስራበ ደግሞ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ውሃው ደግሞ ወደ ምግብሽ በተመለስሽ በሳምንቱ ተመልሶ ይገባል።

«ወተት ያከሳል» የሚለው ነገር በቲክቶክ የተጀመረ እንዳይመስልሽ። ከ20 ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ በጣም ገንኖ ነበር። በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተመራማሪ ማይክል ዜሜል ያነሱት ሐሳብ ነው። ካልሲየም ሲያንስ ሰውነት የሚያመነጨው ሆርሞን የስብ ሴሎች ስብ እንዲያጠራቅሙ ያደርጋል፣ ካልሲየም ሲበቃ ግን ስቡን መልቀቅ ይቀላቸዋል ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት 32 ወፍራም ሰዎችን ለ24 ሳምንት ተከታተሉ፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ በብዛት የወሰዱት የበለጠ ቀነሱ። የወተት አምራቾቹ ይሄን ይዘው ማስታወቂያ አሠሩ፣ «በቀን ሦስት ጊዜ ወተት፣ ስብ ያቃጥላል» ዓይነት ነገር። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ደጋግመው ሲሞክሩት ውጤቱ አልመጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ማስታወቂያው እንደሚቆም አስታወቀ። በ2012 ደግሞ 29 ጥናቶች፣ ከ2000 በላይ ሰዎች ያሉባቸው፣ ባንድ ላይ ተገመገሙ። የተገኘው ይሄ ነው፦ ሰው ምግቡን ሳይቀንስ ወተት ቢጨምር ክብደቱ አይወርድም። ምግቡን ቀንሶ፣ ከቀነሰው ውስጥ ወተት ቢኖርበት ግን ለአጭር ጊዜ ትንሽ ይረዳዋል። ትንሽ ስል ከአንድ ኪሎ በታች ማለቴ ነው።

ልብ በይ፣ ዜሜል ጥናት ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ከቀን ምግባቸው 500 ካሎሪ ተቀንሶላቸው ነበር። ይሄኛው ነገር ማስታወቂያው ላይ ጎልቶ አልወጣም፣ ቲክቶክ ላይም አይወጣም።

ታዲያ ወተት ምን ይጠቅማል? ብዙ ይጠቅማል። 250 ሚሊ ሊትር ወተት 8 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ጥሩ ፕሮቲን። 300 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ ያዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት 1000 ነው። ፕሮቲን ጡንቻ ይጠብቃል፣ ሆድም ይይዛል። ክብደት የምትቀንስ ሴት ፕሮቲን ካነሳት ከስቡ ጋር ጡንቻዋና ጉልበቷም ይሄዳል፤ ፊቷ ይጨማደዳል፣ ውሃ ቀድታ ዳገት መውጣት ያቅታታል፣ ከዚያ «መክሳት አልተስማማኝም» ብላ ትተወዋለች። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፣ ሌላ ምንም የለውም። ምሳ ላይ በሱ ፈንታ አንድ ብርጭቆ ስቡ የወጣለት ወተት ብትጠጪ ካሎሪው ያንሳል፣ ፕሮቲንም ታገኛለሽ። ወተት ቢያግዝሽ የሚያግዝሽ እንዲህ ሆኖ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። አሬራ።

እኔ ያደግኩት ከጮቄ ግርጌ ነው። እናቴ ከነጋ ወተት ስትገፋ ድምፁ ነበር የሚቀሰቅሰኝ። ቅሉ ቀድሞ በወይራ ይታጠናል። እርጎው ይገባበታል፣ አፉ ይታሰራል፣ እሷ ተቀምጣ ወዲያና ወዲህ ታመላልሰዋለች። መጀመሪያ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ድብ ድብ ይላል። ቅቤው ሲወጣ ይለወጣል፣ ይቀጥናል፣ ውሃ ውስጥ ጠጠር እንደሚንከባለል ነገር ይሆናል። ያኔ ሳትከፍተው «ወጣ» ትላለች። ቅቤው ለገበያ፣ አሬራው ለኛ። እንግዳ ሲመጣ ግን አሬራ ማቅረብ ነውር ነበር፤ ለእንግዳ እርጎ ወይም ወተት ነው። አሬራ የቤት ነው፣ የልጅና የእረኛ ነው።

ዛሬ በሙያዬ ቆሜ ሳየው፣ ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ ሰው ከወተት ቤት ሁሉ የተሻለው ያ ለእንግዳ የማይቀርበው ነው። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ15 እስከ 20 ሊትር ወተት ይገፋል። ስቡ አብዛኛው ከቅቤው ጋር ወጥቷል። ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ግን አሬራው ውስጥ ቀርቷል። 250 ሚሊ ሊትር ወተት 160 ካሎሪ ቢኖረው፣ ያንኑ ያህል አሬራ 100 ገደማ ነው። እኛ አገር የሚያሳዝነኝ፣ ከተማ ሲገባ ሰው አሬራውን ንቆ ይተወውና ከሱቅ «ስቡ የወጣለት» የተባለ የዱቄት ወተት ፍለጋ ይዞራል።

አይብም እንዲሁ። አይብ አሬራው ለስለስ ባለ እሳት ሞቆ፣ አጓቱ ሲለይ የሚቀረው ነው። 100 ግራም አይብ ወደ 15 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ስቡ 2 ግራም እንኳ አይሞላም፣ ካሎሪው 90 አካባቢ ነው። ይሄ ከብዙ ሥጋ የሚሻል ምግብ ነው። አይብ ላይ ግን የተነጠረ ቅቤ ካፈሰስሽበት ነገሩ ይለወጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ከ100 ካሎሪ በላይ ነው። ሦስት ማንኪያ ቢፈስበት ከአይቡ በላይ የበላሽው ቅቤውን ነው። ቅቤ ሐራም ነው አላልኩሽም፣ ለበዓል ብይ። ግን ቆጥረሽ ብይ።

የምትገፉ ካልሆነና ወተቱን እንዳለ የምትጠቀሙ ከሆነ ሌላ ቀላል መንገድ አለ። ወተቱን አፍልተሽ አቀዝቅዢው፣ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሪው፣ ጠዋት ላዩ ላይ የረጋውን ሰልባቦት በማንኪያ ግፈፊው። የስቡ አንድ ክፍል አብሮ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ ግን ይቀንሳል።

ሰልባቦቱን አትድፊው ታዲያ። ለትንሹ ልጅሽ ስጪው።

ይሄን በትኩረት አንብቢልኝ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ከኪሎሽ በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ላሟ የምትሰጠው ወተት ልክ አለው። ከሱ ላይ 800 ሚሊ ሊትር በየማታው አንቺ ስትጠጪ ልጆቹ ስንት ጠጡ? ምናልባት ተትረፍርፎ ይሆናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ካልተረፈ ግን ቅድሚያው የነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 ከመቶው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች አጭር ሆነው ተገኝተዋል። ላም ባለበት፣ ማር ባለበት፣ ጤፍ ባለበት አገር። የ3 ዓመት ልጅ ስቡ ያልወጣለትን ወተት ቢጠጣ መልካም ነው። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ አሬራና ስቡ የወጣለት ወተት እንደ ዋና መጠጥ አይሆነውም፣ ስቡ ለአእምሮውና ለዕድገቱ ያስፈልገዋል። ወፍራሙ ለልጆቹ፣ ቀጭኑ ላንቺ። እንዲህ ብትካፈሉት ሁላችሁም ትጠቀማላችሁ።

ማፍላትሽ ደስ ብሎኛል። አንዳንዱ «ጥሬው ነው ኃይል ያለው» ይላል። ጥሬ ወተት ብሩሴላ የሚባለውን ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሲረጋም የሚሞት እንዳይመስልሽ፣ ኮምጣጣነቱ ለዚህ አይበቃም። አሬራም ሆነ እርጎ ስታዘጋጂ ወተቱን አስቀድመሽ አፍልተሽ፣ ለብ ሲል ካለፈው እርጎ ትንሽ ጠብ አድርገሽ ብታረጊው ይሻላል። ላሟንም የእንስሳት ሐኪም ይይልሽ።

ሌላው የሆድ መነፋት ነው። ወተት ከጠጣሽ በኋላ ሆድሽ ይነፋል? ይጮኻል? ያስቀምጥሻል? ብዙ ሐበሻ ካደገ በኋላ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር በደንብ አይፈጨውም። በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው። የተነፋ ሆድ ደግሞ ወገብ ላይ ቀሚስ ያጠብቅና «ወፈርኩ» ያሰኛል። እንዲህ ከሆነብሽ እርጎና አሬራ ይቀልሉሻል፣ ሲረጋ የስኳሩን ከፊል ባክቴሪያው ስለሚበላልሽ።

ወተት ብቻ እየጠጡ መዋልን በተመለከተ ባጭሩ፦ እንዳትሞክሪው። ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል፣ ካልሲየሙም ከሌላ ምግብ የሚገኘውን ብረት መሳብ ይቀንሳል። ለምትወልድ ሴት ደም ማነስ ቀልድ አይደለም። ቃጫ የለውም፣ ሆድ ድርቀት ያመጣል። በፍጥነት መክሳት ደግሞ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር ሊፈጥር ይችላል። ወተት በነጭ ሽንኩርት፣ ወተት በእርድ፣ ወተት በጥቁር አዝሙድ የሚሉትም አሉ፤ ጣዕሙን ከወደድሽው ጠጪው፣ ስብ የሚያቀልጥ ግን አንዱም የለም።

ጾሙስ? ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ። በወተት ላይ የቆመ ማንኛውም ዕቅድ እኛ ዘንድ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይፈርሳል። ስለዚህ ፕሮቲኑን ከሌላ ማግኘት አለብሽ። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ አተር ያው ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ግን ግብጦን ላንሳልሽ። የኛው የጎጃም ነው፣ ገበያ ወጥተሽ በጣሳ ትገዥዋለሽ። ከደረቁ ፍሬ ሲሶው ገደማ ፕሮቲን ነው። ምሬቱ መርዝነት ስላለው በደንብ ተቀቅሎ፣ ውሃው እየተቀየረ ወይም ወንዝ ውስጥ ተዘፍዝፎ ለቀናት መቆየት አለበት፤ ይሄን እናትሽ ከኔ የበለጠ ታውቀዋለች። ከሰዓት በኋላ ሲርብሽ አንድ እፍኝ ብትበይ ከዳቦና ከሻይ በጣም ይሻላል። በጾም የሚያወፍረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘይቱ ነው። የኑግ ዘይት ጥሩ ነው፣ ግን አንድ የሾርባ ማንኪያው 120 ካሎሪ ነው፣ ወጥ ላይ የሚፈሰው ደግሞ በማንኪያ ሳይሆን በጠርሙስ ነው። ከዘይቱ ግማሹን ቀንሺ፣ ሽሮውን በሽንኩርትና በቲማቲም አጣፍጪው።

ከወተቱ ውጪ የሆኑ ሁለት ነገሮችን ልጠይቅሽ። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወስጃለሽ? አንዳንድ ሴቶችን በግልጽ ያወፍራል። እንደዚያ ከሆነ ራስሽን አትውቀሺ፣ መርፌውንም በራስሽ አታቋርጪ፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሌላ አማራጭ ጠይቂ። ሁለተኛው እንቅርት ነው። የኛ ደጋ አዮዲን ስለሚያጥረው እንቅርት የቆየ ችግር ነው። አንገትሽ ላይ እብጠት ካለ፣ ብርድ የማይቻልሽ ከሆነ፣ ድካምና ሆድ ድርቀት ካለ፣ ፀጉርሽ ከረገፈ፣ የደም ምርመራ ይደረግልሽ። የታይሮይድ ሆርሞን (አንገት ላይ ያለው ዕጢ የሚያመነጨው) ሲያንስ ወተት ብትተዪም ብትጠጪም ክብደትሽ በቀላሉ አይወርድም። ሆርሞኑን በኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ከወተት ጋር አትዋጪው፣ 4 ሰዓት ያህል አራርቂው፣ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘዋል።

ስኳር ሕመም ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ከዚህ በታች ያለውን ከመጀመርሽ በፊት ሐኪምሽን አናግሪ። ከሌለብሽ እንዲህ አድርጊ።

የማታውን ወተት በማር ተዪው። እራትሽን መልሺው። ባንቺ ቁመት 82 ኪሎ ማለት ሐኪሞች ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከሚሉት መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፣ ኪሎ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል በሚወጣው ቁጥር መስመሩ 30 ነው፣ ያንቺ 32። አስፈሪ አይደለም፣ ግን ችላ የሚባልም አይደለም። መጀመሪያ 4 ኪሎ ብቻ አስቢ። ከ82 ላይ 4 ኪሎ መውረድ ለደም ግፊትም ለስኳርም ለውጥ ያመጣል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነስሽ በጣም ጥሩ ነው፣ ከዚያም ቢያንስ አትዘኚ።

ጠዋት እንደለመድሽው ቂጣ ወይም ፍርፍር ከሆነ መጠኑን በሲሶ ቀንሺና አንድ ብርጭቆ አሬራ ወይም ሰልባቦቱ የተገፈፈ ወተት ጨምሪበት። ማር የለም፣ ስኳር የለም። ምሳ የቤቱን ብይ፣ እንጀራው አንድ ቢሆን፣ ከወጡ ላይ ጥራጥሬና ጎመን ይብዛ። 10 ሰዓት ላይ የሚመጣው ረሃብ አደገኛው ነው፤ ያኔ ሁለተኛዋን ብርጭቆ አሬራ ጠጪ፣ በጾም ግብጦ። እራት ማታ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ግማሽ እንጀራ፣ ጎመን በአይብ፣ ቅቤ ሳይፈስበት። ቡናሽን ጠጪ፣ ስኳሩን ግን ከሦስት ወደ አንድ አውርጂው። በቀን ሦስት ስኒ የምትጠጪ ከሆነ እሱ ብቻ 100 ካሎሪ ገደማ ያስቀርልሻል። ገበያ በእግርሽ ሂጂ። ደብረ ማርቆስ ዳገትና ቁልቁለት አያጣም፣ ባጃጁን ለሸክም ቀን አቆይው።

ወተት «ማታ ነው የሚያወፍረው፣ ጠዋት አያወፍርም» የሚሉ አሉ፣ እሱ አያስጨንቅሽ። ሰዓቱ ሳይሆን ልኩ ነው። ማታ ሞቅ ያለ ወተት ጠጥተሽ እንቅልፍ ጥሩ የሚወስድሽ ከሆነ ከሁለቱ ብርጭቆ አንዱን ወደ ማታ አዛውሪው፣ ሦስተኛ አድርገሽ ግን አትጨምሪው።

ሚዛን ላይ በሳምንት አንድ ቀን ውጪ፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄድሽ በኋላ፣ ምንም ሳትበይ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን። በየቀኑ አትመዘኚ፣ የውሃ መውጣትና መግባት ብቻ ያናድድሻል። ወገብሽን በእምብርትሽ በኩል በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪ፣ ቁጥሩን ጻፊው። አንዳንዴ ኪሎው ሳይንቀሳቀስ ወገብ ይቀንሳል።

ለናትሽ ደግሞ እንዲህ በያት፦ እንደዚያ ሲጠጣ እውነትም ማወፈሪያ ነው፣ እውነትሽን ነው። አሬራ መግፋት የምትችል ከሆነች ደግሞ አስተምሪኝ በያት።

ኩባያሽን ዛሬውኑ ለኪው። መለኪያ ጆግ አያስፈልግሽም። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰጂ፣ ውሃ ሙይው፣ ኩባያው ውስጥ ገልብጪው። ግማሹ ሃይላንድ 250 ሚሊ ሊትር ነው፣ ያንቺ አንድ ብርጭቆ ያ ነው። እዚያ ላይ በሚስማርም ቢሆን ምልክት አድርጊበት። ከአራት ሳምንት በኋላ ኪሎሽንና ወገብሽን፣ ስለ መርፌውና ስለ አንገትሽ የጠየቅኩሽንም ጨምረሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።